ያቋረጠው ታካሚው አይደለም

ይድረስ፦ በወለጋ ዞኖች በጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ በመድኃኒት መጋዘኖች፣ በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች ለምትሠሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በየጊዜው መቆራረጡን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

በነቀምቴ ከተማ ለ23 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ፋርማሲስትም አይደለሁም። ብዕር ያስነሳኝ በአንድ የጤና ተቋም መዝገብ ላይ ከታናሽ ወንድሜ ስም ትይዩ የተጻፈ ቃል ነው። «አቋረጠ» ይላል። የተቋሙን ስም አልጠራም። አንድን ቤት ለመክሰስ አልተነሳሁም፤ ያን ቃል የጻፈችው ነርስም ቅጹ የጠየቃትን ነው የሞላችው።

ወንድሜ የሚኖረው ጊምቢን አልፎ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ልብስ ሰፊ ነው። በሽታው የጀመረው በ11 ዓመቱ፣ አንጎሉ ድረስ የወጣ ወባ ታሞ ከተረፈ በኋላ ነበር። እናታችን «ገገብዶ» የሚለውን የበሽታውን የአፋን ኦሮሞ ስም እንኳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትጠራው። ጎረቤት እንደ ልማዱ ክብሪት ጭሮ አሽትቶታል፤ ቁልፍ አስጨብጦታል፤ አረፋው ይነካኛል ብሎ የሸሸም ነበር። ጸሎትም ተደርጎለታል። በዚያ ቅሬታ የለኝም፣ እኔም ጸልያለሁ። በመጨረሻ አንድ የጤና መኮንን አስቀምጦ ጠየቀውና ፌኖባርቢታል ጀመረለት፤ 100 ሚሊ ግራም፣ ማታ ማታ አንድ ፍሬ። ከዚያ በኋላ ለ4 ዓመት ከ2 ወር አንድም ቀን አልወደቀም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሲንጀር ገዛ፣ ሚስት አገባ፣ ለትምህርት ቤታችን ልጆች ሳይቀር ዩኒፎርም ሰፋ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኪኒኑ አለቀበት። በቀጠሮው ቀን በጠዋት ሄደ። በመስኮቱ በኩል «የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ» ተባለ። ተመለሰ። «ገና አልመጣም፤ ከውጭ ግዛ» ተባለ። በከተማው ያሉት ሁለት መድኃኒት ቤቶች አልነበራቸውም። እኔ ነቀምቴ ላይ ፈልጌ አገኘሁና በሚኒባስ ሹፌር እልካለሁ ስል መንገዱ ለቀናት ተዘጋ። የወለጋ ሰው «መንገድ ተዘጋ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ አላብራራም። ኪኒኑ ካለቀ በ12ኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሚስቱ ቡና እየቆላች ሳለ ወንድሜ ምድጃው ላይ ወደቀ። የተቃጠለው ቀኝ እጁ ነው። ቁስሉ ድኗል። ሁለት ጣቶቹ ግን ወደ መዳፉ ተኮማትረው ቀርተዋል፤ መቀስ አይዙም።

ሕክምና ሲወስዱት መጀመሪያ የተጠየቀው «ለምን መድኃኒትህን አቋረጥክ?» ተብሎ ነው።

ለምን በ12ኛው ቀን ሆነ? ለምን በማግሥቱ አልወደቀም? እናንተ መልሱን ታውቁታላችሁ። ሆኖም ይህን ደብዳቤ ታካሚዎችና ቤተሰቦችም ያነቡታልና ለተማሪዎቼ በማስረዳበት መንገድ ልናገረው፤ የምጠይቃችሁም ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

የአንጎል ሕዋሳት የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክ ነው። የሚያነቃቃ መልእክት አለ፣ የሚያበርድ መልእክት አለ። በሸንጎ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ «ቆይ፣ ተራህን ጠብቅ» የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ። ሽማግሌ የማይሰማበት ጊዜ መጥቶ ሸንጎው በሙሉ በአንድ ድምፅ ከጮኸ ሰውየው ይወድቃል። በአንጎል ውስጥ የሽማግሌነቱን ሥራ በዋናነት የሚሠራው ጋባ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ጋባ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለችውን የክሎራይድ በር ይከፍታል፤ ክሎራይድ ሲገባ ሕዋሱ ይረጋል። ፌኖባርቢታል ደግሞ ያቺ በር አንዴ ከተከፈተች ቶሎ እንዳትዘጋ ያቆያታል። ሌሎቹ መድኃኒቶች፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ በሌላ በኩል ነው የሚመጡት፤ ሕዋሱ ያለ ፋታ ደጋግሞ እንዲተኩስ የሚያስችለውን የሶዲየም በር ይይዙበታል።

ሁሉም ይይዛሉ እንጂ አይነቅሉም። ኪኒኑ በደም ውስጥ እስካለ ድረስ ይሠራል፤ ከደም ሲወጣ ሥራውም አብሮት ይወጣል። ለዓመታት ሳይወድቅ የቆየ ሰው በሐኪም ምክር፣ በወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ሊያቆም ይችላል። በአንድ ሌሊት ማቆም ግን አደጋ ነው፤ የመድኃኒቱን እርጋታ የለመደ አንጎል እርጋታው ድንገት ሲነሳበት ከቀድሞው የበለጠ ይቆጣል። ሳያባራ የሚቀጥል መንቀጥቀጥ የሚመጣበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው፤ ሰውም ይሞትበታል።

አሁን ወደ ሰሌዳው ልሂድ። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለ ፌኖባርቢታል በግማሽ ለመቀነስ ብዙ ጊዜ 4 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ኪኒኑ ካለቀ በ4ኛው ቀን ግማሹ፣ በ8ኛው ቀን ሩቡ፣ በ12ኛው ቀን አንድ ስምንተኛው ይቀራል። ወንድሜ መስኮቱ ፊት በቆመበት ቀን ጤነኛ ነበር። በሳምንቱ ሲመለስም በእግሩ ሄዶ በእግሩ ነው የተመለሰው። «የለም» ያለው ባለሙያ ያየው አንድ ጤነኛ ልብስ ሰፊ ነው። ውድቀቱ ከዚያ በኋላ፣ ከመስኮቱ ርቆ፣ በምድጃ ዳር ሆነ።

ክቡራን ሆይ፣ ይህንን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ኢንሱሊን ያጣ ልጅ ሁኔታው ቶሎ ይታያል። ኦክስጅን ቢቋረጥ ሁሉም ይሯሯጣል። ፌኖባርቢታል ግን ሲጠፋ ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው፤ መሰሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ በየመንደሩ ተበታትኖ ስለሚደርስ ማንም ከባዶው መደርደሪያ ጋር አያገናኘውም። የቆላ ጅረት ውስጥ የወደቀች ሴት፣ ከበቅሎ የወደቀ ሽማግሌ፣ ምድጃ ላይ የወደቀው ወንድሜ በየቤታቸው «እንዲህ ሆኑ» ይባላሉ እንጂ «መድኃኒት ካለቀ በ12ኛው ቀን» የሚል ሪፖርት አይወጣባቸውም።

ኪኒኑ ሲመለስም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ሙሉ መጠኑ ላይ ለመድረስ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይወስድበታል። በመጋዘኑ የክምችት መቁጠሪያ ካርድ (ቢን ካርድ) ላይ 14 ቀን ዜሮ የተጻፈ እንደሆነ በታካሚው ደም ውስጥ ወር ገደማ ጎደሎ ነው። በመጋዘን የሚቆጠረው ቀንና በሰው ገላ ውስጥ የሚቆጠረው ቀን አይተካከልም።

መድኃኒቱ አዲስና ውድ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ፌኖባርቢታል ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። አልፍሬድ ሃውፕትማን የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ሐኪም በፍራይቡርግ ታካሚዎቹን ለማስተኛት ሰጥቷቸው ኖሮ መውደቃቸውም እንደቀነሰ አስተዋለ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ነው። ድርጅቱ የአንድን ታካሚ የዓመት መድኃኒት በ5 የአሜሪካ ዶላር ያህል መሸፈን እንደሚቻል፣ በአግባቡ ቢታከሙ ከ100 ታካሚዎች እስከ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር እንደሚችሉ ሲናገር ኖሯል። ወንድሜ ከ70ዎቹ አንዱ ነበር። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ መድኃኒቱ ሐሳቡንም ትንሽ ያዘገይበታል። የተሻሉ አዳዲስ መድኃኒቶች እንዳሉ አውቃለሁ። እነሱን አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ይህንኑ አሮጌውን፣ ሳይቆራረጥ ነው።

ቁጥሩ ጥቂት ነው እንዳይባል ደግሞ አንድ ስሌት ልጨምር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ያጠኑትንና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመውን ጥናት የሙያው ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት ነበር ያገኙት። ምሥራቅ ወለጋ ብቻ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። የቡታጅራው ልክ እዚህም ቢሠራ ከ6,000 ሰው ይበልጣል፤ ያውም በቀድሞው የሕዝብ ቁጥር፣ በአንድ ዞን። ይህ የመምህር ስሌት ነው፣ ጥናት አይደለም። በየወሩ መስኮቱ ፊት የሚሰለፈውን ሰው ስትቆጥሩ ግን ቀሪው የት እንዳለ እንድትጠይቁ ይበቃል።

አቅም የለም የሚለውን መልስ ለመቀበል የሚከብደኝ አቅሙን በዓይኔ ስላየሁት ነው። ከደዴሳ ሸለቆ ጀምሮ በወለጋ ወንዞች ዳር ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባል በሽታ አለ። ለዚያ በሽታ የሚታደለው አይቨርሜክቲን መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሳይቀር ይደርሳል፤ የመንደሩ አዳይ በዘንግ ቁመት እየለካ፣ በቁመቱ ልክ ኪኒን እየቆጠረ፣ ስም እየመዘገበ ሲሰጥ አይቻለሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ፣ ሁኔታው የተረጋጋ ሰው የ6 ወር ኪኒን በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሄዳል፤ እሰየው! ወንድሜ ለ4 ዓመት ሳይወድቅ ኖሮ በየ30 ቀኑ ነበር የሚመላለሰው። ከሱ መንደር ርቀው የሚኖሩት ደግሞ ለአንድ ወር ኪኒን የሁለት ቀን ሥራ ፈትተው፣ ለሚኒባስና ለባጃጅ ከፍለው፣ አንዳንዴም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነቀምቴ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ጤና ኤክስቴንሽን በየቀበሌው አለ። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው፤ ይህ ኪኒን ነው ያልተጫነበት።

ፌኖባርቢታል ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት በመሆኑ በልዩ ማዘዣ መውጣቱን አልቃወምም። ሆኖም አንድ ጊዜ ኪኒኑ መደርደሪያው ላይ እያለ «የማዘዣው ጥራዝ አልቋል» ተብለን ተመልሰናል። መድኃኒት እንዳይባክን የወጣ ሥርዓት መድኃኒት እንዳይወሰድ ካደረገ ሥርዓቱን የሚያስተካክለው በሥርዓቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

የመቀየሩ ጉዳይም አለ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መድኃኒቷ ተቀይሯል፤ ሦስቱም ጊዜ በጤናዋ ምክንያት ሳይሆን ያኛው ስለጠፋ። «ይሄም ለዚያው ነው» እየተባለች። አይደለም! ካርባማዜፒን ቀስ እየተባለ ነው የሚጨመረው። ፌኒቶይን ደግሞ መጠኑ በትንሹ ከፍ ሲል በደም ውስጥ በብዙ ሊዘል የሚችል መድኃኒት ነው፤ ልጅቷ ዓይኗ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች ክፍል ስትገባ ልጆቹ ሳቁባት። ሦስተኛው ቫልፕሮት ነበር። ቫልፕሮት በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ስለሚጎዳ መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ይህንን ለእሷም ለእናቷም ያስረዳ ሰው አልነበረም።

በዚሁ ላይ እያለሁ፣ ለእናቶችና ሕፃናት ክፍል ባለሙያዎች አንድ ነገር ላስታውስ። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያነቃቁታል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም ሆነ በየቀኑ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ ኃይሉ ይቀንሳል። ከአንዱ ክፍል ኪኒን፣ ከሌላው ክፍል የሚቀበረውን የምትወስድ ሴት ስታረግዝ «መከላከያው አይሠራም» የሚል ወሬ በመንደሩ ይዛመታል። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ኮሪደር ላይ ናቸው፤ አይጠያየቁም።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። ሕመማቸው የተረጋጋላቸው ታካሚዎች በየወሩ ከሚመላለሱ የ3 ወር መድኃኒት ይሰጣቸው። መንገድ ቢዘጋ ቤታቸው ውስጥ ይኖራል፤ የሰልፉም ጫና ይቀልላችኋል። መድኃኒቱም በአቅራቢያቸው ካለው ጤና ጣቢያ ይውጣላቸው፤ ማታ ለሚዋጥ አንድ ፍሬ ኪኒን ነቀምቴ ድረስ መምጣት የለባቸውም። በጤና መድን መታወቂያ የሚታከም ሰው «ከውጭ ግዛ» ሲባል የከፈለው የሚመለስለትም መንገድ ይበጅለት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምለምናችሁ ቀላሉን ነው፤ ሊያልቅ ሲል ንገሩን። የመደርደሪያው ክምችት ወደ አንድ ወር ሲወርድ መስኮቱ ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። አንድ ወር አስቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ዘመድ ይጠይቃል፣ ያፈላልጋል። ሐኪሙም ጊዜ ካገኘ ታካሚውን ወደ ሌላ መድኃኒት በሥርዓት ያሻግረዋል። ባለቀ ማግሥት የሚነገር «የለም» ለማንም አይጠቅምም። የመጣው መድኃኒት ጥቂት ከሆነም የሚከፋፈልበት መንገድ በባለሙያ ይታሰብበት፤ መጀመሪያ የተሰለፉት ሙሉውን ወስደው የቀሩት ባዶ እጃቸውን የሚመለሱበት አሠራር ዳኝነት የለውም።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። በመዝገባችሁ ላይ «አቋረጠ» ከሚለው ቀጥሎ «መድኃኒት አልነበረም» የሚል ሌላ ዓምድ ይጨመር። ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም ሪፖርቱ የሚሠራው ከዚያ መዝገብ ነው። «ይህን ያህል ታካሚ አቋረጠ» የሚል ሪፖርት ወደ ላይ ሲወጣ ከላይ የሚመጣው መፍትሔ የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ ነው፤ አበልና ውኃ ያለው። ወንድሜ ግንዛቤ አልጎደለውም። የጎደለው ኪኒን ነው። ጥፋቱ በታካሚው ስም እስከተመዘገበ ድረስ የመጋዘኑን ባዶነት የሚያሳይ ወረቀት ከየትም አይመጣም።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀው የድርጊት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. እስከ 2031 ድረስ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶው ሕመማቸው የሚታከም መሆኑን እንዲያውቁ፣ ከእነዚህ 80 በመቶው መድኃኒት እንዲያገኙ፣ ከሚያገኙትም 70 በመቶው መውደቃቸው እንዲገታ ግብ አስቀምጧል። አገራችን የጉባኤው አባል ናት። ግቡ ጄኔቫ ላይ ተጻፈ እንጂ የሚፈጸመው በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ መስኮቶች ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣ ብዙዎቻችሁ ያለ በቂ በጀት፣ በክፉ ቀንም ጭምር ሳትሸሹ ያገለገላችሁ መሆናችሁን አውቃለሁ፤ ከመካከላችሁም ያስተማርኳችሁ አላችሁ። ስለዚህ የምጽፈው ተስፋ ቆርጬ አይደለም። መልሳችሁን በደብዳቤ አልጠብቅም፤ መስኮቱ ላይ በምትለጥፉት ወረቀት አየዋለሁ።

ወንድሜ አሁን መድኃኒቱን ጀምሯል። ይህን ደብዳቤ በምጽፍበት ምሽት በኪኒኑ ፖስታ ውስጥ 19 ፍሬ ቀርቶታል። ቀጠሮው በ20ኛው ቀን ጠዋት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ነቀምቴ